የቆዳ ሊምፎማ የያዘውን ውሻ ያለ ኬሞ እንዴት እንንከባከብ፦ ለወሎ ውሻ አሳዳጊዎች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

የቆዳ ሊምፎማ ሊምፎሳይት የሚባሉት የነጭ ደም ሕዋሳት ቆዳ ውስጥ ያለ ልክ ሲባዙ የሚመጣ ካንሰር ነው። ውሻን የሚይዘው በአብዛኛው በስተርጅና፣ ከ8 ዓመት በኋላ ነው። ሲጀምር ካንሰር አይመስልም፤ እከክ ይመስላል። ቆዳው ይቀላል፣ እንደ ፎረፎር ይፈረፈራል፣ ፀጉሩ ይረግፋል፣ ውሻው ሌት ተቀን ያካል። እየቆየ የአፍንጫው ጫፍ፣ ከንፈሩና የዓይኑ ቆብ ጥቁረታቸውን እየለቀቁ ይነጣሉ ወይም ይቀላሉ፤ ወፍራም ጠፍጣፋ እባጮች ይወጣሉ፣ ይፈነዳሉ፣ ይቆስላሉ። ድዱና ምላሱም ሊቆስል ይችላል።

ለዚህ በሽታ የተለመደው ኬሞ (የካንሰር ሕዋሳትን የሚገድል መድኃኒት) ሎሙስቲን የሚባል በየ3 ሳምንቱ በአፍ የሚሰጥ እንክብል ነው። ብዙ ውሾች ለጊዜው ይሻላቸዋል፤ መሻሉ ግን በአብዛኛው በወራት የሚቆጠር ነው። መድኃኒቱ የነጭ ደም ሕዋስን ስለሚቀንስና ጉበትን ስለሚጎዳ በየጊዜው የደም ምርመራ ይፈልጋል። ደሴም ሆነ ወልድያ ላለ ሰው መድኃኒቱን ማግኘት፣ ዋጋውን መቻልና ምርመራውን መከታተል ከባድ ነው። ስለዚህ ያለ ኬሞ መንከባከብ የሚያሳፍር ምርጫ አይደለም። ከዚህ በታች ያሉት ዘዴዎች ግን በሽታውን አያድኑም። የሚያደርጉት ማሳከኩን ማስታገስ፣ ቁስሉን ንጹሕ አድርጎ መያዝ፣ ውሻው የሚበላበትንና የሚተኛበትን ጊዜ ማራዘም ነው። ይህም ትልቅ ነገር ነው። «ፈጽሞ አድናለሁ» የሚል ዱቄትም ሆነ ቅባት ከቀረበላችሁ አትግዙ።

መጀመሪያ በሽታው መታወቅ አለበት

ትልቁ ስሕተት የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው፦ ውሻው ስላከከ ብቻ ስቴሮይድ የሚባሉትን መድኃኒቶች፣ ፕሬድኒሶሎን ወይም የዴክሳሜታዞን መርፌ መስጠት። ሁለቱም የሊምፎማ ሕዋሳትን ለጊዜው ያጠፋሉ። ከዚያ በኋላ የሚወሰደው ናሙና «ምንም የለም» ብሎ ሊያታልል ይችላል፤ ቤተሰቡ ኋላ ላይ ኬሞ ልሞክር ቢልም መድኃኒቱ እንደ መጀመሪያው አይሠራም። ስለዚህ ናሙና ሳይወሰድ ስቴሮይድ አይጀመር። ተጀምሮ ከነበረ ሐኪሙ ቀስ በቀስ ካስቆመው በኋላ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ጠብቁ።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው።

1. የቆዳ ፍቅፋቂ። ሐኪሙ ደም ጤዝ እስኪል ድረስ በስለት ጀርባ ፍቆ የእከክ ተባይ መኖሩን በማይክሮስኮፕ ያያል። በእኛ አካባቢ ያከከ ውሻ ሁሉ ካንሰር ያለበት አይደለም፤ አብዛኛው እከክ፣ ጭርት፣ ቁንጫ ወይም የባክቴሪያ ቁስል ነው፤ እነዚህ ደግሞ ይድናሉ።

2. የመርፌ ናሙና። እባጭ ካለ 22 ወይም 23 ቁጥር መርፌ ገብቶ አቅጣጫው እየተቀያየረ ጥቂት ጊዜ ይወጋል፤ የተገኘው ስላይድ ላይ ተቀብቶ በአየር ይደርቃል፣ በጂምሳ ይቀለማል። ጂምሳ ለወባ ምርመራ የሚውለው ቀለም ስለሆነ የትም ከተማ አይጠፋም። ማደንዘዣም አያስፈልገውም።

ይህ ምርመራ በተለይ አንድ በሽታን ለመለየት ይጠቅማል፦ በግንኙነት፣ በመላላስና በመናከስ ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፈውን ዕጢ። እንደ ልብ በሚፈቱ ውሾች ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው እሱ ነው። ብልት አካባቢ ይጀምራል፤ ግን አፍንጫና ቆዳ ላይም ይወጣል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ የሕዋሱ አካል ውስጥ ጥርት ያሉ ትንንሽ ክብ ቀዳዳዎች ይኖሩበታል። ይህ ከሆነ ኬሞ አንፈልግም ማለት ትልቅ ጥፋት ነው፤ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚሰጥ የቪንክሪስቲን መርፌ በአብዛኛው ከ4 እስከ 6 ዙር ውስጥ ጨርሶ ያድነዋል። ቡችላ ወይም ወጣት ውሻ ላይ የወጣ ነጠላ ቀይ እባጭ ደግሞ በራሱ ጊዜ የሚጠፋ ሌላ ዓይነት ዕጢ ሊሆን ይችላል።

3. ባዮፕሲ፣ ማለትም ቁራጭ ቆዳ ወስዶ መመርመር። ሊምፎማን የሚያረጋግጠው ይህ ነው። 6 ወይም 8 ሚሊ ሜትር በሆነ ክብ መቁረጫ ከ3 እስከ 5 ቦታ ይወሰዳል። ናሙና የሚወሰደው ከቆሰለው መሐል ሳይሆን ካልፈነዳ፣ ከወፈረ ወይም ቀለሙን ከለቀቀ ቦታ ነው። ቦታው አይታጠብ፣ በአልኮል አይታሽ፤ ሐኪሙ የሚፈልገው የላይኛው የቆዳ ሽፋን ከቅርፊቱ ጋር ይሄዳልና። ለማደንዘዣ 2 በመቶ ሊዶካይን ከቆዳው ሥር ይወጋል፤ ለ20 ኪሎ ውሻ በድምሩ ከ4 ሚሊ አይበልጥ።

ናሙናው ወዲያው 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ይግባ፦ ከሱቅ ከሚገዛው ድፍድፍ ፎርማሊን 1 እጅ፣ ውሃ 9 እጅ። ፈሳሹ ከሥጋው 10 እጥፍ ይብለጥ፤ ካነሰ ውስጡ ይበሰብሳል። የደረቁትን ስላይዶች ከፎርማሊኑ ጋር በአንድ ካርቶን አትላኩ፤ ጭሱ ስላይዱን ያበላሸዋል፣ ቀለም አይዝም። ብዙ ናሙና ከንቱ የሚቀረው በዚህ ነው።

የት እንሂድ ለሚለው፣ ደሴ ያለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤትና ኮምቦልቻ ያለው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ለመጠየቅ ቅርብ ናቸው። እዚያ የማይሠራ ከሆነ ናሙናው ቢሾፍቱ ወደሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ ሊላክ ይችላል። ናሙናው በፎርማሊን ከተዘጋ ሙቀትም ጉዞም አይጎዳውም፤ ክዳኑን ግን በፕላስተር እሰሩ።

ውሻው ብዙ ለሃጭ የሚያዝረበርብ ከሆነ፣ ጠባዩ ከተለወጠ ወይም ውሃ መዋጥ ካቃተው አፉን ለማየት እጃችሁን አትስደዱ። የአፍ ቁስል እንዲህ ሊያደርግ ይችላል፤ የእብድ ውሻ በሽታም እንዲሁ። ክትባቱ ያልታደሰ ውሻ ከሆነ ለብቻው ዘግታችሁ ባለሙያ ጥሩ።

አንድ እባጭ ብቻ ከሆነ

ሊምፎማው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከተገኘና አንገቱ ሥር፣ ትከሻው ፊትና ጉልበቱ ጀርባ ያሉት ንፍፊቶች ካላበጡ ቀዶ ሕክምና ከሁሉ ይበልጣል። እባጩ ዙሪያውን ካለው ጤነኛ ቆዳ ጭምር ይቆረጣል፤ እንዲህ ዓይነቶቹ ውሾች ከሌሎቹ ረዘም ያለ ዕድሜ ያገኛሉ። ቀዶ ሕክምናውን ማንኛውም ቆዳ መስፋት የለመደ የእንስሳት ሐኪም ይሠራዋል። ዕድሉ ካለ አታሳልፉት።

ፕሬድኒሶሎን፦ ዋናው ማስታገሻ

ባዮፕሲው ከተወሰደ በኋላ፣ ሐኪሙ ሲያዝ፣ የመጀመሪያው መድኃኒት ይህ ነው። ርካሽ ነው፤ ባለ 5 ሚሊ ግራሙ ፍሬ በየፋርማሲው ይገኛል።

ውሻውን መዝኑት። ታቅፋችሁት የሰው ሚዛን ላይ ውጡ፣ ከዚያ ለብቻችሁ ውጡና ቀንሱ። በግምት መስጠት አይቻልም፤ በወፍራም ፀጉር የተሸፈነ ውሻ ከእውነተኛው ክብደቱ በላይ ይገመታል።

ለ20 ኪሎ ውሻ የተለመደው አወራረድ እንዲህ ነው፦ በ1ኛው ሳምንት በኪሎ 2 ሚሊ ግራም፣ ማለትም በቀን 40 ሚሊ ግራም ወይም 8 ፍሬ፤ በ2ኛው ሳምንት 6 ፍሬ፤ በ3ኛው 4 ፍሬ፤ ከ4ኛው ጀምሮ በቀን 2 ፍሬ። ከዚያ ወዲያ ማሳከኩን የሚይዘው ዝቅተኛው መጠን ተፈልጎ በዚያ ይቀጠላል። ጠዋት ከምግብ ጋር ስጡት።

ውሻው ብዙ ይጠጣል፣ ብዙ ይሸናል፣ ይስገበገባል፣ ያለከልካል። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ውሃ አትከልክሉት። ከሚሴና ቆቦን በመሰለ ሞቃት አገር ማለክለኩ ስለሚብስበት ቀኑን ጥላ ሥር ያሳልፍ። የማይጠበቀው ግን እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራና ደም ያለበት ትውከት ነው፤ ጨጓራው ደምቷል ማለት ነውና በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።

ፕሬድኒሶሎን ለሚወስድ ውሻ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን አይሰጥም። እነዚህ የሰው ማስታገሻዎች ለብቻቸውም የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳሉ፤ አብረው ሲሰጡ ጨጓራን እስከ መብሳት ይደርሳሉ። ከ2 ሳምንት በላይ የተወሰደን ፕሬድኒሶሎን በአንድ ጊዜ ማቆምም ክልክል ነው፤ ሰውነቱ የራሱን ሆርሞን ማመንጨት ስላቆመ ውሻው ይዝለፈለፋል፣ ሊሞትም ይችላል። ፍሬው ሊያልቅ 5 ቀን ሲቀረው ሌላ ግዙ።

ፕሬድኒሶሎን ለብቻው ሲሰጥ ሊምፎማን የሚይዘው በአብዛኛው ለ1 ወይም ለ2 ወር ነው። ከዚያ ማሳከኩ ሲመለስ ሕዋሳቱ መድኃኒቱን ለምደውታል፤ መጠኑን በራሳችሁ ማሳደግ ጉዳቱን እንጂ ጥቅሙን አይጨምርም።

የሱፍ ዘይት

ወሎ ውስጥ ላለ ሰው ከሁሉ ቅርብ የሆነው አማራጭ ይህ ነው። ሱፍ ሊኖሌይክ አሲድ የሚባለው ቅባት እጅግ የበዛበት ዘር ነው፤ ከዘይቱ ከ10 እጅ 7ቱ ወይም ከዚያ በላይ እሱ ነው። የቆዳ ሐኪሞች ይህን ዘይት በቆዳ ሊምፎማ በተያዙ ውሾች ላይ ሞክረው መቅላቱና ቅርፊቱ የቀነሰላቸው ውሾች አይተዋል። የተሞከረው በጥቂት ውሾች ላይ ብቻ ስለሆነ ተስፋው በልክ ይሁን። ያም ሆኖ በርካሽ ዋጋ የደረቀ ቆዳን ስለሚያለሰልስ መሞከሩ የሚያስቆጭ አይደለም።

የሚፈለገው እሾሃማው የአገራችን ሱፍ ነው፤ ለጾም ፍትፍት የሚሆነው። ሱቅ ውስጥ «የሱፍ ዘይት» ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ከፈረንጅ ሱፍ የተጨመቀ ነው። እሱም ብዙ ሊኖሌይክ ሊኖረው ይችላል፤ ነገር ግን ኦሌይክ የተባለው ሌላ ቅባት እንዲበዛበት ከተዳቀለ ዘር የተሠራ ከሆነ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የሚረጋው የፓልም ዘይት ከነጭራሹ አይረባም። የኑግ ዘይት በሊኖሌይክ ከሱፍ አያንስም፤ ውሻ ላይ የተሞከረው ግን ሱፍ ስለሆነ ሱፍ ካገኛችሁ ሱፍን አስቀድሙ።

ዘሩን ከገበያ ገዝታችሁ ባዕድ ዘር ለቅማችሁ ሳትቆሉ አስጨምቁ። ለወጥ እንደሚደረገው ከቆላችሁት ዘይቱ ቶሎ ይበላሻል። በጥቁር ወይም በተሸፈነ ጠርሙስ፣ ከምድጃና ከፀሐይ ርቆ ይቀመጥ። ሽታው ከሻገተ ወይም ሲቀመስ ከመረረ ድፉት።

መጠኑ በኪሎ 3 ሚሊ፣ በሳምንት 2 ቀን ነው፤ ለ20 ኪሎ ውሻ በእያንዳንዱ ቀን 60 ሚሊ መሆኑ ነው። በመርፌ መድኃኒት መሳቢያ ሲሪንጅ፣ ያለ መርፌው፣ ለኩት። በመጀመሪያው ሳምንት 15 ሚሊ፣ በሁለተኛው 30፣ በሦስተኛው 45፣ ከዚያ 60 ስጡ። ከምግብ ጋር አደባልቁት፣ ለጠዋትና ለማታ ክፈሉት። በግድ ጉሮሮው ውስጥ አታንቆርቁሩ፤ ወደ ሳንባው ከገባ የሳንባ ምች ያመጣል።

እዚህ ላይ የሚበላሸው ነገር ብዙ ነው። 60 ሚሊ ዘይት 500 ካሎሪ ያህል ስለሚሆን በዚያ ቀን ሌላው ምግብ በግማሽ ካልተቀነሰ፣ ፕሬድኒሶሎኑም ተጨምሮበት፣ ውሻው ይደልባል። ሰገራው ከላላ ወደ ቀደመው መጠን ተመለሱ። ካስመለሰው፣ ሆዱን ሲነኩት ካመመውና ጀርባውን ከቆለመመ ቆሽቱ ተቆጥቷልና ጨርሳችሁ አቁሙ፣ ሐኪም ያየው። ከዚህ ቀደም የቆሽት ሕመም ላለበት ውሻ ከመጀመሪያውም አይሰጥም። ውጤቱን ለመፍረድ 8 ሳምንት ጠብቁ።

የዓሣ ዘይት እንክብል ሌላው የሚነሣ ነገር ነው። የተለመደው መጠን በኪሎ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ግራም ኢፒኤና ዲኤችኤ (በዓሣ ዘይት ውስጥ ያሉ ጠቃሚ ቅባቶች) ሲሆን የሚቆጠረው የእንክብሉ ጠቅላላ ክብደት ሳይሆን እነዚህ ሁለቱ ናቸው። የሐይቅ ቆሮሶ ጥሩ ምግብ ነው፤ ግን ስብ የሌለው ዓሣ ስለሆነ የእንክብሉን ቦታ አይተካም። የዓሣ ጉበት ዘይት ደግሞ በዚህ መጠን ቫይታሚን ኤ ያበዛበታል። ሱፉንና የዓሣ ዘይቱን ባንድ ጊዜ አትጀምሩ፤ የትኛው እንደጠቀመ አታውቁትም፣ ቅባቱም ይበዛል።

ለሰው ብጉር የሚታዘዘው አይዞትሬቲኖይን በሐኪም ክትትል ለዚህ በሽታ ይሰጣል። ዓይን ያደርቃል፣ የደም ቅባት ይጨምራል፤ ስለዚህ ከሱፍ ዘይት ጋር አይደረብ። ነፍሰ ጡር ወይም ልትፀንስ የምትችል ሴት እንክብሉን በእጇ እንዳትነካው፤ ፅንስን ያበላሻል።

የቆዳና የቁስል እንክብካቤ

ውሻው ሌሊት እንዲተኛ የሚያደርገው በአብዛኛው ይህ ክፍል ነው። የሊምፎማ ቆዳ ተሰነጣጥቆ ባክቴሪያ ይገባበታል፤ ከማሳከኩ ብዙው ከካንሰሩ ሳይሆን ከዚያ ይመጣል።

ገላውን በሳምንት 2 ጊዜ ክሎርሄክሲዲን የሚባል ጀርም ገዳይ ባለው ሻምፑ እጠቡት። ውሃው ለብ ያለ ብቻ ይሁን፤ ሙቅ ውሃ ማሳከክ ይቀሰቅሳል። አረፋው ቆዳው ላይ 10 ደቂቃ ይቆይ፤ ወዲያው ካጠባችሁት እንዳልታጠበ ቁጠሩት። ደሴ፣ ደላንታና ወረኢሉ ብርድ ስለሆነ እኩለ ቀን ላይ እጠቡ፣ በፎጣ አድርቁ፤ ፀጉሩ የረገፈ ውሻ ሌሊት ከዝናብና ከጭቃ ከፍ ያለ፣ ገለባ የተነጠፈበት ማደሪያ ያስፈልገዋል።

ቁስሉን በየቀኑ በጨው ውሃ እጠቡ፦ ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ 9 ግራም ጨው፣ በሻይ ማንኪያ ሲለካ አንድ ተኩል ልሙጥ። መግል ካለው 25 ሚሊ ባለ 2 በመቶ ክሎርሄክሲዲን በውሃ ሞልታችሁ 1 ሊትር አድርጉና ተጠቀሙ። ዓይን አካባቢ የጨው ውሃ ብቻ፤ ክሎርሄክሲዲን ዓይንን ያቆስላል። ስኳር ያልተቀላቀለበት ንጹሕ ማር በስሱ ቀብቶ በፋሻ መሸፈን ይጠቅማል፤ ቢልሰውም አይጎዳውም። ጉንዳን እንዳይወርረው ግን ሳይሸፈን አይተው።

መግሉና ሽታው ካልቀነሰ ሐኪሙ ሴፋሌክሲን የሚባል አንቲባዮቲክ ያዝዛል፤ ለ20 ኪሎ ውሻ ባለ 500 ሚሊ ግራሙ እንክብል ጠዋትና ማታ፣ ቢያንስ ለ3 ሳምንት። በ5ኛው ቀን «ተሻለው» ተብሎ የሚቋረጥ ከሆነ ባክቴሪያው ተመልሶ መድኃኒቱን ይለምዳል።

እንዳይነክሰው የፕላስቲክ ባልዲ ታቹን ቆርጣችሁ፣ ጠርዙን በጨርቅ ጠቅልላችሁ አንገቱ ላይ እሰሩ፤ ከአፍንጫው 5 ሳንቲ ሜትር ማለፍ አለበት። አሮጌ ካናቴራ ደረቱንና ጀርባውን ከዝንብ ይከላከላል። ዝንብ ቁስሉ ላይ እንቁላል ከጣለ ትሉ በ1 ወይም በ2 ቀን ይፈለፈላልና ቁስሉ ሳይታይ አይደር። የነጣ አፍንጫ በደጋ ፀሐይ ቶሎ ይቃጠላል፤ ከ4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ጥላ ውስጥ ይቆይ።

ቆዳው ላይ የማይደረጉ ነገሮች አሉ፦ የተቃጠለ የሞተር ዘይት፣ ነጭ ጋዝ፣ በረኪና፣ የልብስ ሳሙና፣ የከብት መዥገር መድኃኒት። በቁስሉ በኩል ደም ውስጥ ይገባሉ። የቁልቋል ወተት ቆዳ ይልጣል፣ ዓይን ያጠፋል፣ ዕጢን የሚያባብሱ ንጥረ ነገሮችም አሉበት። የተፈጨ ፌጦም ያቃጥላል። ነጭ ሽንኩርት ውሻ ሲበላው ቀይ የደም ሕዋሱን ያፈርሳል። እሬት ከተፈለገ ቢጫው ፈሳሽ ተንጠፍጥፎ ከወጣ በኋላ ጥርት ያለው ውስጡ ብቻ ይቀባ፤ ቢጫውን ከላሰው ያስቀምጠዋል።

ምግብ

ሳንባ፣ ጉበትና ጨጓራ ጥሩ ምግብ ነው፤ ጥሬውን ግን አትስጡ። የውሃ ከረጢት የሚሠራው የኮሶ ትል ከበግና ከከብት ሆድ ዕቃ ወደ ውሻ፣ ከውሻ ሰገራ ደግሞ ወደ ሰው የሚዞር ነው። 40 ደቂቃ ቀቅሉት። ፕሬድኒሶሎን ሳይጀመር የዚህ ትል መድኃኒት የሆነው ፕራዚኳንቴል በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ይሰጠው፤ የእብድ ውሻ ክትባቱም ያኔ ይታደስ፣ ስቴሮይድ ከተጀመረ በኋላ ክትባት በደንብ አይይዝምና። ለውሻው የተለየ ድስትና ጓንት መያዝ ለሃጩን መንካት ለማይፈልግ ቤተሰብም፣ ለጤናም ይስማማል። ሊምፎማ ራሱ ወደ ሰውም ወደ ሌላ ውሻም አይተላለፍም።

መከታተያና ማቆሚያ

በየሳምንቱ በተመሳሳይ ቀን ደብተር ላይ አራት ነገር ጻፉ፦ ማሳከኩ ከ0 እስከ 10 ስንት እንደሆነ፣ ሌሊት መተኛቱን፣ የበላውን፣ አዲስ እባጭ መውጣቱን። አንዱን ቁስል አጠገቡ የ1 ብር ሳንቲም አስቀምጣችሁ ፎቶ አንሡት፤ ዓይን ይለምዳል፣ ሳንቲሙ ግን መጠኑን ይናገራል። በየ2 ሳምንቱ መዝኑት፣ ንፍፊቶቹን ዳስሱ።

መድኃኒቱ ሁሉ በአግባቡ እየተሰጠው ለ3 ተከታታይ ቀን ካልበላ፣ ሌሊቱን ሲያክ ካደረ፣ ከቁስሉ ሽታ የተነሣ ሰው የማይቀርበው ከሆነ፣ ወይም አፉ ቆስሎ መዋጥ ካቃተው ስቃዩ እንዲያበቃ ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ። ይህ በማደንዘዣ መርፌ፣ በሐኪም እጅ የሚደረግ ነው፤ ሥጋ ውስጥ የሚደበቅ መርዝ ግን ረጅም ስቃይ ነው፣ የጎረቤት ውሻና አሞራም ይጨርሳል። መርፌው ፔንቶባርቢታል ከሆነ አስከሬኑም መርዛማ ስለሚሆን ጅብና አሞራ እንዳያወጡት ከ1 ሜትር በላይ ተቆፍሮ፣ ከምንጭና ከጉድጓድ ውሃ ርቆ ይቀበር፤ ላዩ ድንጋይ ይጫንበት። የተረፉት ክኒኖች ወደ ፋርማሲው ወይም ወደ ክሊኒኩ ይመለሱ፤ ለሌላ ያከከ ውሻ አይሰጡ።